ፀሐይ ነው የተባለው ውሃ፦ የአንድ የድሮ ሰዓት ሻጭ ግምገማ

ይህ ግምገማ ያረጁ የእጅ ሰዓቶችን በኢንተርኔት ለሰብሳቢዎች ስለሚሸጥ አንድ ነጋዴ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ የሚጽፈውን ዓይነት መግለጫ በሌሎች ብዙ ሻጮች ዘንድም ታገኙታላችሁ። የእኔ ሥራ ሰዓት መጠገን ነው። ሰዓቱን የገዙት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «ዘይቱን ብቻ ቀይርልኝ፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው ተብያለሁ» ብለው ሰጡኝ፤ የሻጩንም መግለጫ አትመው አብረው አምጥተውት ነበር።

መግለጫው እንዲህ ይላል፦ «የ1960ዎቹ የጠላቂ ሰዓት። ጥቁር የነበረው ገጽ በአሥርተ ዓመታት ፀሐይ በስሎ ወደ ቸኮላት ቀለም የተለወጠ፣ እውነተኛ ትሮፒካል። የማር ቀለም የያዙ ነጥቦችና ቆጣሪዎች፤ ሁሉም ከፋብሪካ እንደወጡ። ያልተወለወለ ቀፎ። ሐቀኛ እርጅና።» (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ትሮፒካል» ሰብሳቢዎች በፀሐይ ቡናማ ለሆነ ጥቁር ገጽ የሰጡት ስም ነው፤ «ነጥቦችና ቆጣሪዎች» ደግሞ በጨለማ የሚያበራ ቀለም የተቀቡት የገጹ ምልክቶችና የሰዓቱ ዘንጎች ናቸው። ያው ሞዴል፣ ገጹ ጥቁር እንደሆነ የቆየው፣ በዚያው ሻጭ ዘንድ በግማሽ ዋጋ ይሸጥ ነበር። መምህሩ እጥፍ የከፈሉት ለቡናማው ቀለም ብቻ ነው ማለት ነው።

በቅድሚያ ሻጩ የሚመሰገንበትን ልናገር። አስተሻሸጉ እጅግ ጥሩ ነው፤ ሰዓቱ ያለ አንዳች ጭረት ደርሷል። ፎቶዎቹ የጠሩ ናቸው። ቀፎው አልተወለወለም ያለውም እውነት ነው። የማሰሪያው መያዣዎች ጠርዝ ስለት እንደያዘ ነው፤ የፋብሪካው የማለስለሻ መስመርም ሳይጠፋ ይታያል። ቀፎ በተወለወለ ቁጥር ብረቱ ይሳሳል፣ ጠርዙ ይደንዛል፤ የተበላውን ብረት ደግሞ መመለስ ከባድ ነው። ስለዚህ ጭረቱን እንዳለ ትቶ መሸጡ ትክክል ነው፤ ለዚህ ተጨማሪ ዋጋ ቢጠይቅም አልቃወምም።

ችግሩ ገጹ ነው። ቡናማ የሆነ ጥቁር ገጽ ሁሉ የተበላሸ ነው የምል ሰው አይደለሁም። በዚያ ዘመን ከተቀቡት ጥቁር ቀለሞች አንዳንዶቹ የፀሐይን ጨረር መቋቋም ስላልቻሉ በእርግጥ ቡናማ ሆነዋል፤ እጄ ላይ ሲገቡ ሥራዬን አቁሜ የማያቸው አሉ። ለፀሐይ ብዙም ሳይጋለጥ ቀለሙ የሚለወጥበትም ጊዜ አለ። በ1990ዎቹ ከተሠሩት ጥቁር ገጽ ያላቸው የሮሌክስ ዴይቶና ሰዓቶች በአንዳንዶቹ ላይ፣ የትንንሾቹ ገጾች ቀለበት ከብርማነት ወደ ቡናማነት የዞረው ከላይ በተቀባው ቫርኒሽ ምክንያት ነው። ሰብሳቢዎች እነዚህን ገጾች በጨረታ ባለሙያው በኦስቫልዶ ፓትሪዚ ስም ይጠሯቸዋል። የፋብሪካ ጉድለት ነው፤ ግን ማሽኑን አይነካም፣ ምክንያቱም ይታወቃል፣ ገዢውም የሚከፍለው አውቆ ነው።

የመምህሩ ሰዓት ግን እንዲህ አልነበረም። ገጹን ከቀፎው ሳወጣ መጀመሪያ የተመለከትኩት ጠርዙን ነው። የገጹ የመጨረሻ ጠርዝ በቀፎው የውስጥ ቀለበት ሥር ስለሚደበቅ ብርሃን አይደርሰውም። ቀለሙን የለወጠው ፀሐይ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ጠርዝ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር ክብ ተርፎ ይገኛል። እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ጠርዙ ከመሐሉ ይበልጥ ቡናማ ሆኖ፣ በሦስት ቁጥር በኩል ማለትም መሙያው ባለበት ቦታ በጣም ጠቁሮ፣ ወደ መሐል እየሳሳ ይሄዳል። በአጉሊ መነጽር ስመለከተው በዚያው አካባቢ ቀለሙ ከሥሩ ካለው ናስ ተላቆ ጥቃቅን አረፋ ሠርቷል። በቀን ማሳያው መስኮት ጥግ ላይ ደግሞ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ አለች። አረንጓዴው የናስ ዝገት ነው። ናስን የሚያዝገው ደግሞ እርጥበት እንጂ ፀሐይ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሚጠበቅ ነበር። ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው የመሙያው ጎማ ደርቆ በመቆንጠጫ ሲነካ እንደ ከሰል ተፈረከሰ። የመሙያው ዘንግ ዝጓል፤ ሰዓቱ የሚሞላባቸው ጥርሶች ላይም ቀይ ዱቄት አለ። ይህ ዱቄት ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ብረት የሚበላ ሞረድ ይሆናል፤ ሰዓቱ በተሞላ ቁጥርም የበለጠ ይበላል።

ሻጩ ያላደረገው፣ እኔም አጥብቄ የምጠይቀው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ብርሃን የለወጠው ገጽ ከብርሃን ከራቀ ባለበት ይቆያል። ውሃ የገባበት ሰዓት ግን መበላሸቱን አያቆምም፤ በሳጥን ውስጥ ተቀምጦም ዝገቱ ይቀጥላል። ሁለቱም በፎቶ ላይ ቡናማ ናቸው። ሻጩ ሁለቱን በአንድ ስም፣ በአንድ ዋጋ ነው የሚሸጣቸው።

ወደ «ማር» ቀለሙ ልለፍ። ገጹ ላይ ከስድስት ቁጥር በታች «ቲ» የሚለው ፊደል ታትሟል፤ በጨለማ የሚያበራው ቀለም ጨረር አመንጪ የሆነው ትሪቲየም አለበት ማለት ነው። የትሪቲየም ጨረር በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከ60 ዓመት በኋላ የሚቀረው ከሠላሳ እጅ አንዱ ገደማ ነው፤ አብሮት ያለው ብርሃን ሰጪ ውህድም ደክሟል። እንዲህ ያለ ቀለም በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ይበራል፤ መብራቱ ሲጠፋ ግን ፈጥኖ ይጨልማል። የገጹ ነጥቦች እንደዚያው ሆኑ፤ ወዲያው ጠፉ። ቆጣሪዎቹ ግን መብራቱን አጥፍቼ ሌላ ሥራ ይዤ ስመለስም ያበሩ ነበር። በውስጣቸው ያለው ከ1990ዎቹ ወዲህ የመጣ ጨረር አልባ አዲስ ቀለም ነው፤ ከነጥቦቹ ጋር እንዲመሳሰል ሆን ተብሎ የማር መልክ ተሰጥቶታል። ቆጣሪን እንደገና መቀባት ወንጀል አይደለም። እኔም ደንበኛ ሲጠይቀኝ እሠራለሁ፤ ነገር ግን በደረሰኙ ላይ እጽፈዋለሁ። «ሁሉም ከፋብሪካ እንደወጡ» ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚሁ ሻጭ ዘንድ ያየሁት ሌላ ማስታወቂያ ደግሞ ከዚህም የባሰ አስቆጥቶኛል። የ1940ዎቹ የወታደር ሰዓት ነው። ቆጣሪዎቹ ለረጅም ጊዜ በቆሙበት ቦታ ገጹ ላይ የተቃጠለ ጥላ ትተዋል፤ ሻጩ ይህን «የራዲየም ጥላ፣ ብርቅ ውበት» ብሎ አወድሶታል። ጥላው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በዚያ ሰዓት የሚያበራ ቀለም ውስጥ ያለው የራዲየም ጨረር በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ቀለሙ ማብራት ያቆመው ውህዱ ስለተቃጠለ ነው፤ ራዲየሙ ግን በቦታው አለ። በ1920ዎቹ በአሜሪካ የሰዓት ገጽ ይቀቡ የነበሩ ሴቶች የብሩሻቸውን ጫፍ በከንፈራቸው ሲያሾሉ ታመው የሞቱት በዚህ ቁስ ነው። ክዳኑን ቤት ውስጥ አትክፈቱ፣ ቀለሙን አትፋቁ፣ ብናኙን አትተንፍሱ የሚል አንድ መስመር በማስታወቂያው ላይ የለም። ለጥላው ውበት አንድ ሙሉ አንቀጽ የጻፈ ሰው ይህን ለመጻፍ ቦታ አላነሰውም።

ትልቅ ስም ያላቸው ቦታዎችም ከዚህ አላመለጡም። በኅዳር 2021 በጄኔቭ በተካሄደ ጨረታ ገጹ ቡናማ የሆነ የ1957 ኦሜጋ ስፒድማስተር ከ3.1 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሽጧል። የገዛው ራሱ ኦሜጋ ነበር። በ2023 ኩባንያው ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች ክፍሎች የተገጣጠመ እንደሆነና የቀድሞ ሠራተኞቹም እንደተሳተፉበት አስታወቀ። ሠሪው ኩባንያ ራሱ እንዲህ ከተታለለ፣ በስልክ ስክሪን ፎቶ አይተው የሚገዙ ጡረተኛ መምህር ምን መከላከያ አላቸው?

የመመለሻ ደንቡ ደግሞ ነገሩን ዘግቶታል። ሻጩ ሰዓቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀበላል፤ ክዳኑን ሌላ ባለሙያ ከከፈተው ግን አይቀበልም። የውሃው ጉዳት የሚታየው ክዳኑ ሲከፈት ብቻ ነው። ገዢው ሳይከፍት ጉድለቱን አያውቅም፤ ከከፈተ ደግሞ መብቱን ያጣል። ሻጩ አንድም የማሽኑን ፎቶ አላወጣም፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ይህ ነው። ክዳኑን ሳይከፍት «ዘይት መቀየር ብቻ ይፈልጋል» ብሎ ከሆነ የማያውቀውን ተናግሯል፤ ከፍቶ ከሆነም ዝገቱን አይቶታል።

መምህሩ ያገኘሁትን ሁሉ በፎቶ አስደግፈው ጻፉለት። መጀመሪያ የመጣው መልስ በትሕትና የተሞላ ነበር፦ ፓቲና (እርጅና የሰጠው መልክ) የጣዕም ጉዳይ ነው፣ ሁሉም ሰብሳቢ የራሱ ዓይን አለው። ከተደጋገመ ደብዳቤ በኋላ የጥገናውን ወጪ በከፊል ሸፈነ። ስለ ቆጣሪዎቹ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልመለሰም።

ከዚህ ሻጭ መግዛት ለምትፈልጉ፣ ቀፎን በተመለከተ ቃሉን እመኑ። ገጽን በተመለከተ ግን ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የማሽኑን፣ የክዳኑን የውስጥ ክፍልና የመሙያውን አካባቢ ፎቶ ጠይቁ። አልትራቫዮሌት መብራቱ ከጠፋ በኋላ የተነሳ አጭር ቪዲዮም ጠይቁ፤ ነጥቦቹና ቆጣሪዎቹ እኩል ካልጨለሙ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ያብራራ። እንዲህ ያለ ፎቶ ለማንሳት ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ እምቢ ካለ አትግዙ።

መምህሩ ሰዓቱን ማስቀረት መረጡ። ዘንጉን ቀይሬ፣ ጥርሶቹን አጽድቼ፣ ጎማዎቹን በሙሉ አድሼ ዘይት ሰጠሁት፤ አሁን ሰዓቱን በትክክል ይይዛል። ገጹን አልነካሁትም፤ አረፋ የሠራውን ቀለም ለማጽዳት የሞከረ ሰው ያለውንም ያረግፈዋል። ጎማው አዲስ ቢሆንም በቀፎው የመሙያ ቀዳዳ ውስጥ ዝገት የበላው ቦታ ስላለ፣ እጃቸውን ሲታጠቡ እንዲያወልቁት ነግሬያቸዋለሁ።