ካርማይን ጁወል፦ በኤድመንተን ጓሮ የከረመ ድቅል ቼሪ

ካርማይን ጁወል የተባለውን ቼሪ በ2019 እ.ኤ.አ. ገዝቼ ካናዳ፣ ኤድመንተን በሚገኘው ጓሮዬ ተክያለሁ። ያኔ ጉልበቴ ጋ የማይደርስ ችግኝ ነበር፤ ዛሬ ቁመቱ ከእኔ በጥቂቱ ይበልጣል። የአገር ልጆች «በዚህ ብርድ ቼሪ ያፈራል ወይ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ የታዘብሁትን ልጻፍ። ያፈራል፤ ነገር ግን ከሱፐርማርኬት የምንገዛውን ጣፋጭ ቼሪ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል።

ምክንያቱ ያለው ከዘር ሐረጉ ላይ ነው። ዝርያውን በ1999 ያወጣው የካናዳው የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የማዳቀሉን ሥራ በ1940ዎቹ የጀመረው ሌስ ከር የተባለ የዕፅዋት ባለሙያ ነበር። በአንድ ወገን ለማዳው ኮምጣጣ ቼሪ፣ በሌላው ወገን ከምሥራቅ አውሮፓ እስከ ሳይቤሪያ በሚዘልቀው ሜዳ የሚበቅለው አጭር የዱር ቼሪ አሉበት። ሁለቱም 32 ክሮሞዞም (የዘር መረጃ የሚሸከሙ ክሮች) ስላላቸው ድቅላቸው ያፈራል፤ 16 ክሮሞዞም ያለው ጣፋጩ ቼሪ ከዱሩ ጋር ሲዳቀል ግን የሚገኘው ባለ 24 ድቅል አብዛኛውን ጊዜ መካን ነው። የሚገርመው ኮምጣጣው ቼሪ ራሱ ጥንት ጣፋጩና ይኸው የዱር ቼሪ በተፈጥሮ ተዳቅለው የተገኘ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሳስካችዋን ላይ የተደረገው ልጅን ወደ ወላጁ ቤት እንደ መመለስ ይመስለኛል።

ከዱሩ የወረሰው ጽናት በጃንዋሪ 2024 ተፈተነ። ከተማችን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪን ያለፈ ብርድ አየች፤ በዚያው ሰሞን ከእኛ እጅግ በሚሞቀው፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ባለው በኦካናጋን ሸለቆ የጣፋጭ ቼሪ እርሻዎች ክፉኛ ተመቱ። የእኔው ግን ጥቂት የቅርንጫፍ ጫፎች ብቻ ደርቀውበት በግንቦት አበበ።

ፍሬው በሐምሌ አጋማሽ ሲቀላ የበሰለ ይመስላል፤ አልበሰለም። ወደ ጥቁርነት እስኪጠጋ፣ ሲነኩትም ከነጭራው ከመላቀቅ ይልቅ ጭራውን ዛፉ ላይ ትቶ እስኪወርድ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል። ያን ጊዜም ቢሆን ይኮመጥጣል፤ ልጄ አንዱን ቀምሳ ፊቷን አጨማድዳ ሁለተኛ አልነካችም። ማርማላታ ሲሆን ግን አቻ የለውም። ዘሩን ከፍሬው በጸጉር መያዣ ሽቦ ፈልቅቄ አወጣለሁ፤ ዘሩ ትንሽ ስለሆነ ሥጋው አይባክንም፤ ጣቶቼ ግን ለሁለት ቀን እንደ ቀይ ሥር ቀልተው ይሰነብታሉ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ችግኙን የሸጠልኝ ሱቅ «ያለ ጓደኛ አያፈራም» ብሎ ሁለተኛ አስገዝቶኛል። ይህ ዝርያ በራሱ የአበባ ብናኝ ስለሚያፈራ አንዱ በቂ ነበር፤ ያን ገንዘብ ለወፍ መከላከያ መረብ ባወጣሁት ይሻል ነበር። ለማብሰያ ለሚፈልግ ሰው ያለ ማመንታት አንድ ችግኝ ይግዛ እላለሁ፤ እንደ ወይን እየቆረጠ ሊበላ ላሰበ ግን አይሆነውም።