ለጎጃም መንገድ የትኛው የክሮስኦቨር ጎማ ይሻላል? ተራው፣ ኦል ዌዘር ወይስ ኦል ቴሬን

ራቭ ፎር፣ ቱሳን፣ ቪታራ ወይም የእነሱን መሰል ክሮስኦቨር መኪና ይዛችሁ ጎማ ልትቀይሩ ስትሉ ምርጫችሁ በአብዛኛው ከሦስት አይዘልም፦ ተራው የአስፋልት ጎማ፣ ለማንኛውም የአየር ሁኔታ የሚሠራው ኦል ዌዘር እና ለአስፋልትም ለፒስታም የሚሠራው፣ በአጭሩ ኤቲ የሚባለው ኦል ቴሬን። ዋጋ ብቻ አይቶ መወሰን ያስቆጫል፤ ሦስቱን የሚለያቸው ከሰኔ እስከ መስከረም የምትነዱበት መንገድ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ወይም አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ኦል ዌዘር ይግዛ። ሥራው ገጠር ለገጠር በፒስታ የሆነ ኤቲ ይግዛ። ከባሕር ዳር ከተማ ብዙም የማይወጣ ግን ጥሩ ተራ ጎማ ይበቃዋል፤ ትርፍ ገንዘብ አያውጣ።

ዝናብና አስፋልት

ኦል ዌዘር በጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በመካከሉ የበረዶ ቅንጣት ተስሎበታል። ምልክቱ ጎማው በበረዶ መንገድ ላይ ተፈትኖ ማለፉን ይመሰክራል። ኤም ፕላስ ኤስ (M+S፣ ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ግን አምራቹ ራሱ የሚያትመው ነው፤ ፈተና አያስፈልገውም። እንደ ሰሜን አገሮች መንገድ የሚሸፍን በረዶ ስለሌለን ምልክቱ ለብቻው ምንም አይጠቅመንም። የሚጠቅመን ጎማውን ለዚያ ፈተና ሲያዘጋጁ የጨመሩበት ነገር ነው፦ በብርድ ቶሎ የማይደርቅ ላስቲክ፣ በጥርሶቹ ላይ የተሰነጣጠቁ ቀጫጭን መስመሮች፣ ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ውኃውን ወደ ጎንና ወደ ጎን የሚገፋ የቀስት ቅርጽ ያለው ቦይ።

በሐምሌና በነሐሴ ከቡሬ በቲሊሊ አድርጎ እንጅባራና ዳንግላ የነዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ዝናቡ አስፋልቱን ሲያጥለቀልቀው ጎማው ውኃውን ማስወጣት ካቃተው በውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ መሪው ድንገት ይቀልላል፣ ፍሬኑም አይዝም። በአራቱም ጎማ መሳቡ እዚህ ላይ አያድንም፤ ለመነሳት እንጂ ለመቆም አይረዳም። ጥሩ ኦል ዌዘር ከተራው ሊበልጥ የሚችለው እዚህ ነው። ኤቲ ሰፋፊ ቦይ ቢኖረውም ጥርሱ ጠንካራና ቀጫጭን መስመሩ ያነሰ በመሆኑ በእርጥብ አስፋልት ላይ ብዙውን ጊዜ ለመቆም ረጅም ርቀት ይፈልጋል።

የአባይ በረሃም ሌላው ፈተና ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፣ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እዚህም እዚያም ይጎብጣል፣ ከባድ መኪኖችም ከፊትም ከኋላም አሉ። በዝናብ የሚይዝ ጎማ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ግን ማርሽ ቀንሶ በሞተር መውረድን ምንም ጎማ አይተካውም። አንድ ምክር ልጨምር፦ ደጀን ላይ በጠዋቱ ብርድ በትክክል የሞላችሁት ንፋስ ታች ስትደርሱ ከሙቀቱ የተነሳ ቢጨምር አትቀንሱት። ልኩ የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ቁጥሩም በሹፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል።

ፒስታና ጭቃ

እዚህ ላይ ኦል ዌዘር ይሸነፋል። ላስቲኩ ለስለስ ያለ ስለሆነ ሹል ጠጠር ጥርሱን ይቆራርጠዋል፣ ቶሎም ይበላል። የተራው ጎማም የእሱም ጎን ስስ ነው፤ ጎኑን ድንጋይ ከቀደደው ደግሞ የትኛውም ጎሚስታ በአስተማማኝ ሊጠግነው አይችልም። ኤቲ ጥርሱም ጎኑም ወፍራም ነው። ወደ ጮቄ ግርጌ ቀበሌዎች ወይም ከሞጣ ወጣ ብሎ በኮሮኮንች ለሚመላለስ የጤና ባለሙያ፣ የግብርና ባለሙያ ወይም ነጋዴ ሌላውን አልመክርም። ዋጋውን በሌላ መንገድ ይከፍላል፦ ጎማው ከባድ ነው፣ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ነዳጅም ይጨምራል።

ጭቃን በተመለከተ አፈሩን መለየት ያስፈልጋል። በመራዊ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ያለው ቀይ አፈር ላዩ ያንሸራትታል እንጂ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ጠንካራ ስለሆነ ኤቲ ነክሶ ያወጣችኋል። በቢቸና፣ በእነማይና በሸበል በረንታ ያለው መረሬ ግን ሌላ ነው። ጤፍ የሚያበቅለው ያ ጥቁር አፈር ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ጎማው ጥቂት ከመዞሩ ቦዩ ሁሉ ይሞላና ኤቲውም ተራውም አንድ ይሆናሉ። ክሮስኦቨር ደግሞ ሆዱ ዝቅ ያለ ነው፣ ለረጅም ጭቃም አልተሠራም፤ ደጋግሞ ካሽከረከረ ኃይልን ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ክፍል ይግላል። በመረሬ ላይ መፍትሔው ፀሐይ እስኪመታው መጠበቅ ወይም መኪናውን አስፋልት ዳር አቁሞ በእግር መሄድ ነው። ኤቲ ከገዛችሁ መረሬን ትሻገራላችሁ የሚላችሁን ሻጭ አትመኑት።

ከመክፈላችሁ በፊት

ጎኑ ላይ 225/65 አር 17 102 ኤች የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ 102 አንዱ ጎማ እስከ 850 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ኤች ደግሞ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትርን ይገልጻል። ሰውና ዕቃ ሞልቶ ለሚጓዝ የጭነቱ ቁጥር ከፋብሪካው በታች መሆን የለበትም።

ከዚያ ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች ተመልከቱ። 2324 ካለ በ2024 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። መደብር ውስጥ ዓመታት የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ እየደረቀ ይሄዳል፤ ኦል ዌዘር ደግሞ ብልጫው ላስቲኩ ስለሆነ አሮጌውን መግዛት ምንም ትርጉም የለውም።

መኪናችሁ በአራቱም ጎማ የሚስብ ከሆነ አራቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። ሁለቱ አዲስ ሁለቱ የተበሉ ሲሆኑ ዙሪያቸው ስለሚለያይ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ እሱን ማሠራት ከአራት ጎማ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። በጎማው ቦይ ውስጥ ያለው የመበላት ምልክት 1.6 ሚሊ ሜትርን ያሳያል። እኔ ግን ክረምት ሊገባ ሲል ጥርሱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጎማ አላስቀጥልም፤ ውኃ የማስወጣት አቅሙ ምልክቱ ላይ ሳይደርስ ብዙ ይቀንሳልና። አራቱን ስትገዙ ስኮርታውንም አውርዳችሁ ንፋሱን አስለኩ።