አክሪሊክ ሻወር ትሪ ለእንጨት ወለል፦ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ከስሩ ማልታ ካለ

ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ የፎቁን አሮጌ የባኞ ገንዳ አውጥታችሁ ሻወር ልታደርጉት ካሰባችሁ፣ 60 በ32 ኢንቹ አክሪሊክ ትሪ (ሻወር ስትወስዱ የምትቆሙበት የፕላስቲክ መደብ) ደህና ምርጫ ነው። የ60 ኢንች ገንዳውን ርዝመት ልክ ይሞላል፣ ሁለት ሰው ደረጃ ያወጣዋል፣ እግርም አያቀዘቅዝም። ከድንጋይ ዱቄትና ከሬዚን የሚሠራው ይጠነክራል፤ ግን ክብደቱ ለፎቅ ያስቸግራል።

የአክሪሊኩ ጉድለት ሆዱ ክፍት መሆኑ ነው። ወለሉን የሚነካው ከስሩ ባሉት እግሮች ብቻ ነው። የእንጨት ወለል ደግሞ ሰው ሲቆምበት ትንሽ ይረግባል። ስለዚህ ትሪው ሲጥ ሲጥ ማለት ይጀምራል፣ የፍሳሹ መጋጠሚያ ይላላል፣ ከዚያ የታችኛው ክፍል ኮርኒስ ላይ እድፍ ይወጣል። ብዙ ሰው ሲሊኮኑን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ከስር ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ፍሳሹ የት እንደሚወድቅ ለኩ። ትሪው በግራ፣ በቀኝና በመሃል ቀዳዳ ይሸጣል። ቀዳዳው ወራጅ (ወለሉን የተሸከመው አግዳሚ እንጨት) ላይ ካረፈ ትሪውን ለውጡ እንጂ ወራጁን እንዳትቆርጡ። የገንዳው ቧንቧ ብዙ ጊዜ 1½ ኢንች ስለሆነ ከነሲፎኑ ወደ 2 ኢንች ይቀየር።

ያበጠና የበሰበሰ ፕላይውድ ሁሉ ይውጣ። በምትኩ ባለ 3/4 ኢንች አስገቡ፤ ጠርዙ ባዶ ላይ እንዳይቀር በወራጆቹ መሃል እንጨት ጣልቃ አድርጉና በየ6 ኢንቹ በእንጨት ብሎን እሰሩት። ትሪው የራሱ ተዳፋት ስላለው ወለሉ በውሃ ልክ ቀጥ ያለ ይሁን።

ዋናው ሥራ ማልታው ነው። መጀመሪያ ፕላስቲክ አንጥፉ፤ ካልሆነ ደረቁ እንጨት ውሃውን ይመጠውና ማልታው ይፈረፈራል። 1 እጅ ሲሚንቶ በ4 እጅ አሸዋ ወፈር አድርጋችሁ ለውሱ። አትደልድሉት፤ ለየብቻ ቁልል ቁልል አድርጉት፣ ሲጫን የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋልና። የፍሳሹን ዙሪያ ባዶ ተዉ። ትሪውን ተጭናችሁ በአራቱም ጎን በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ከዚያ 24 ሰዓት ማንም አይርገጠው። በማልታ ፋንታ የሚነፋ ፎም መጠቀም ስህተት ነው፤ ሲነፋ ትሪውን ያነሳዋል። ከፋብሪካው ፎም ተለጥፎበት የሚመጣ ትሪ ግን ሌላ ነው፤ እሱን እንደ መመሪያው ብቻ ትከሉት።

የቆመው ጠርዝ ከግድግዳው ቋሚ እንጨት ጋር ዝገት በማይበላው ብሎን ይታሰር። ቀዳዳውን አስቀድሙ፤ አክሪሊክ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ሲሚንቶ ቦርዱ ከትሪው 1/4 ኢንች ከፍ ብሎ ይቁም፣ ውሃ ወደ ላይ እንዳይስብ።

ሴራሚክ ከመለጠፉና ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ፍሳሹን ደፍናችሁ ትሪውን ውሃ ሙሉ። ለጥቂት ሰዓታት አቆይታችሁ ከታች በባትሪ መጋጠሚያውን እዩ። ከዚያ ውሃውን በአንድ ጊዜ ልቀቁና ሲፎኑን ድጋሚ ተመልከቱ፤ አንዳንዱ መጋጠሚያ የሚያፈሰው ውሃ ሲወርድበት ብቻ ነው።