«ሄድ ሃንተርስ» በመድረክ፦ በጠርሙስ የተካሰ ምሽት

የአሜሪካዊውን የጃዝ ፒያኒስት የኸርቢ ሃንኮክን «ሄድ ሃንተርስ» ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ አልበም ነው፤ ያለው አራት ሙዚቃ ብቻ። ሙሉውን በቀጥታ የሚጫወት ባንድ አለ ሲሉኝ ወዲያው ትኬት ቆረጥኩ።

ጅማሬው ግን ቅር አሰኘኝ። የመጀመሪያውን ሙዚቃ፣ የ«ካሜሊዮን»ን፣ ያቺን ሁሉም የሚያውቃት የቤዝ ዜማ በቤዝ ጊታር ተጫወቷት። አልበሙ ላይ እኮ ኸርቢ ራሱ በአርፕ ኦዲሴይ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ በሚፈጥር ኪቦርድ) ነው የተጫወታት። ወፈር ብላ፣ ነጠር ነጠር እያለች የምትሄደው ለዚያ ነው። እዚህ ቀጠነችብኝ። በዚያ ላይ ሌላ ጊታሪስት ጨምረዋል። አልበሙ ላይ ጊታሪስት የለም፤ ቦታውን የያዘው ክላቪኔት፣ ጊታር የሚመስል ድምፅ ያለው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ፣ ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ጣቶቹ ይበራሉ። ግን እሱ በገባ ቁጥር ክላቪኔቱ ይዋጣል።

ቅሬታዬን ያስረሳኝ «ዋተርሜሎን ማን» ነው። ፐርከሽን (የምት መሣሪያዎች) ተጫዋቹ ባዶ የቢራ ጠርሙስ ይዞ ወደ ማይኩ መጣ። መብራቱ ደበዘዘ። አንዴ ነፋ፤ አንዴ በቀጭን ድምፅ አዜመ፤ ደግሞ ነፋ። ከንፈሩን ከጠርሙሱ አፍ ሳያርቅ ሁለቱንም ያፈራርቃል። ፊት ስለተቀመጥኩ አየር ሲስብ ሁሉ ይሰማኛል። አልበሙ ላይ ይህን ያደረገው ቢል ሰመርስ ነው፤ መነሻው በመካከለኛው አፍሪካ ደን የሚኖሩት የባቤንዜሌ ሕዝቦች ትንሽ ዋሽንትንና ድምፅን እያፈራረቁ የሚጫወቱት ሙዚቃ ነው። ከዚያ ሌሎቹም ጠርሙስ ጠርሙሳቸውን አነሱ። እያንዳንዱ ጠርሙስ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ተራ ይጠባበቃሉ። አንዱ ለቅጽበት ቢዘገይ ይበላሻል። አልተበላሸም። ቤዙ ሲገባ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ስላይ»ን በደንብ ተጫውተዋል፣ ፍጥነቱንም ጠብቀዋል።

«ቬይን ሜልተር» ላይ ቤዝ ክላርኔት (ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) የያዘችው ልጅ ብቻዋን ወደ ፊት ወጣች። አልበሙ ላይ ቤኒ ሞፒን እንዳደረገው እሷም አልቸኮለችም። ከኋላዋ ድራሙ እንደ ሰልፍ ምት ዝግ ብሎ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ኪቦርዱ ድምፁ በዝቶ ሸፍኗት ነበር፤ ደግነቱ ቶሎ ቀነሱት። የመጨረሻው ድምፅ ጠፍቶ እንኳ ለማጨብጨብ የቸኮለ ሰው አልነበረም።

ከደገሙት እሄዳለሁ። ብቻ ያቺን የቤዝ ዜማ ወደ ሲንተሳይዘሯ ይመልሷት።