ሾክ ውስጥ ላለ ታካሚ፦ የጣት ኦክሲሜትር ወይስ የደም ቅዳ ናሙና?

ሾክ ማለት ለሰውነት ክፍሎች በቂ ደም የማይደርስበት አደገኛ ሁኔታ ነው። በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ሙሌት በመቶኛ የሚለካው የጣት ኦክሲሜትር ፈጣን ነው። አይወጋም፤ ሳያቋርጥም ያሳያል። ችግሩ፣ የደም ምቱ ጣት ድረስ ካልደረሰ ማንበብ ይቸግረዋል። ሾክ ውስጥ ደግሞ ሰውነት ለአንጎልና ለልብ ያዳላል። ብዙ ጊዜ የእጅና የእግር ደም ስሮች ይጠባሉ፤ ጣት ይቀዘቅዛል። ያኔ ቁጥሩ ይዘላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። የጆሮ ጫፍ ወይም ግንባር ላይ መሞከር ሊያዋጣ ይችላል፤ ለዚያ የተሠራ መሣሪያ ካለ ማለት ነው።

ከደም ቅዳ የሚወሰደው ናሙና ያማል፤ የሚነግረንም የዚያችን ቅጽበት ብቻ ነው። ግን ከኦክስጅን ሌላ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ የደሙን አሲድነትና በብዙ ማሽኖች ላክቴትንም (ህዋሳት ኦክስጅን ሲያጥራቸው በደም ውስጥ የሚጨምረውን ንጥረ ነገር) ያሳያል። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ላክቴት ነው። ኦክሲሜትሩ 98 በመቶ እያለ ህዋሳት ኦክስጅን ሊራቡ ይችላሉ። ደሙ ኦክስጅን ጭኖ ካልደረሰላቸው ምን ዋጋ አለው? ኦክሲሜትሩ አይነሳ፤ ቁጥሩ ከታካሚው ሁኔታ ጋር አልገጥም ካለ ግን ናሙናው ቶሎ ይወሰድ።