ኤሰን ወይስ ቦትሮፕ?

በጀርመን ሩር አካባቢ የከሰል ታሪክ ማየት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የኤሰን ከተማውን የከሰል ማዕድን፣ ዞልፌራይንን ነው። ይገባዋልም። እ.ኤ.አ. በ1932 ሥራ የጀመረው 12ኛው ጉድጓድ፣ የቀይ ጡብ ሕንፃዎቹና ግዙፉ የብረት ማማ ዓይን ያፈዝዛሉ። ማዕድኑ በ1986 ተዘጋ፣ በ2001 በዩኔስኮ ተመዘገበ። ከሰል ይታጠብበት የነበረው ሕንፃ ዛሬ ሙዚየም ነው። ሁሉም ተጠርጎ ተሰናድቷል።

ለእኔ ግን ጎረቤቷ ከተማ ቦትሮፕ ትበልጣለች። እዚያ ቁስሉ ገና ትኩስ ነው። የአገሪቱ የመጨረሻው ጥልቅ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ፣ ፕሮስፐር ሃኒል፣ የተዘጋው በዲሴምበር 2018 ነው፤ ሠራተኞቹ ፊታቸው እንደጠቆረ ወጥተው የመጨረሻውን ቁራጭ ለፕሬዚዳንት ሽታይንማየር ሲያስረክቡ እንባቸውን መግታት ያቃታቸው ነበሩ። ከመሬት ሥር የወጣው ድንጋይ ተከምሮ ተራራ አክሏል። ሽቅብ ስትወጡ የክርስቶስን ሕማማት የሚያሳዩ ማረፊያዎች ከማዕድን ቆፋሪዎች መሣሪያ ጋር ጎን ለጎን ቆመው ታገኛላችሁ (ይሄ ብቻውን ልብ ይነካል)፣ አናቱ ላይ ደግሞ የባስኩ ቀራፂ አጉስቲን ኢባሮላ ከአሮጌ የባቡር ሐዲድ እንጨት የሠራቸው ባለቀለም ምሰሶዎች አሉ።

ዝናብ ከሆነ ኤሰን፣ ሙዚየሙ ውስጥ ትውላላችሁ። ሰማዩ ከጠራ ግን ሳታመነቱ ቦትሮፕ ሂዱ።