ጊታር ዝቅ አድርጎ መቃኘት ለምትፈልጉ፦ አባዶ ያሉት ጠጋኝ

ኤሌክትሪክ ጊታር በወጉ የሚያበጅ ሰው መሃል ከተማ ፈልጋችሁ ከሰለቻችሁ፣ ትንሽ ራቅ በሉና ወደ የካ አባዶ ውጡ። ከመገናኛ ተነስታችሁ ኮተቤንና ካራን አልፋችሁ ነው። ከኮንዶሚኒየሞቹ በአንዱ ግራውንድ ላይ፣ ከፀጉር ቤት ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ታፔላ የላትም፤ በሩ ላይ የተሰቀለ ክራር ታያላችሁ። ባለቤቱን ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው።

እኔ የማጅባት ዘፋኝ ድምጿ ወፈር ያለ ነው። ትዝታ ስትዘፍን ሲ (C) ላይ ትመቻለች። በተለመደው ቅኝትም ሲ ላይ መጫወት ይቻላል፤ ግን ባዶ ክሮቹ (በጣት ሳይያዙ የሚመቱት) አያግዙኝም። ካፖ (አንገቱ ላይ ቆንጥጦ ክሮቹን የሚይዘው) ደግሞ ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም። ስለዚህ ስድስቱንም ክር ሁለት ሙሉ ቶን ማውረድ፣ ማለትም ወፍራሙን ከኢ (E) ወደ ሲ፣ ፈለግኩ።

መቃኛውን ማላላት ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አይደለም። ወፍራሙ ክር ኢ ላይ ሲቃኝ 82.4 ኸርዝ ነው፤ ሲ ላይ 65.4። ውጥረቱ የሚቀንሰው ግን በዚያው ልክ አይደለም፤ በካሬው ነው። ያው ክር ከውጥረቱ 37 በመቶ ያህሉን ያጣል። ያኔ ክሩ ይልፈሰፈሳል፣ ፍሬቱን (አንገቱ ላይ የተደረደረውን ብረት) ይመታል፤ ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱት ደግሞ ድምፁ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣና ከዚያ ይወርዳል። መድኃኒቱ ወፈር ያለ ክር ነው። በ10–46 ፋንታ 12–56 (የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት በሺኛ ኢንች) ካደረጋችሁ፣ ሲ ላይ ያለው ውጥረት ለድሮው በጣም ይቀርባል።

ክሩን ብቻ መቀየር ግን አይበቃም። ከዚህ በፊት መሃል ከተማ ያለ አንድ ቤት ወፍራሙን ክር በድሮው ነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚገቡበት ባለ ቦይ መደገፊያ) ላይ በግድ ወትፎ ሰጥቶኛል። መቃኛውን ባዞርኩ ቁጥር ክሩ ቀጭ ይልና ይዘላል። አንድ ዘፈን ሳይሞላ ቅኝቱ ይፈርሳል። ሂሳቡን ግን ሳይቀንስ ነው የተቀበለኝ።

ጋሼ ጊታሩን ከመንካታቸው በፊት ጠየቁኝ። «በስንት ልትቃኘው ነው? በፒክ ነው በጣት የምትመታው?» ቀጥለው፣ «ወደ ድሮው ልመልሰው ብትል እኮ ነቱ ከተሞረደ በኋላ ቀጭን ክር ይንገዳገድበታል። አስበህበታል?» አሉኝ። አስቤበታለሁ አልኳቸው። ይህን የጠየቀኝ ጠጋኝ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ነቱን ሲሠሩ ማየት በጣም ደስ ይላል። በቀጭን ሞረድ ሁለት ሦስቴ ገፋ ያደርጋሉ፣ ክሩን አስገብተው ይሞክራሉ፣ ያወጣሉ፣ ደግመው ይገፋሉ። ሞረዱን ወደ መቃኛው በኩል ዘንበል ያደርጉታል፤ ክሩ ነቱን የሚለቅበት ጫፍ ከፍ ብሎ እንዲቀር ነው። ስፋቱ ሲበቃቸው የብርጭቆ ወረቀት አጥፈው ያለሰልሱታል፤ በመጨረሻ የእርሳስ ጫፍ ያሹበታል። እርሳሱ ክሩን ያንሸራትተዋል። መቃኛውን ሲያዞሩ ያ ቀጭ የሚል ድምፅ ጠፋ።

ከዚያ ወፍራሙ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ እየነዘረ ይጮህ ጀመር። ጋሼ ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው፣ «ይሄን ድምፅ እኮ በገና ላይ በእንዚራ፣ ክሩ ሥር በምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ፈልገን ነው የምናመጣው፤ እዚህ ግን አንገቱ ቀጥ ብሏል» አሉ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፍሬት አንድ ላይ ይዘው መሃሉን ተመለከቱ። ትራስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት) ሩብ ዙር አላሉና ጊታሩን አስቀመጡት። እንጨት ጊዜ ይፈልጋል ብለው ሻይ አዘዙ።

ቀጥሎ አስራ ሁለተኛው ፍሬት። የክሩን ሃርሞኒክ (ነካ ብቻ ተደርጎ የሚወጣውን ድምፅ) እና ተይዞ የሚወጣውን ድምፅ በቲውነር እያመሳከሩ፣ የተያዘው ከፍ ካለ ሳድሉን (ክሩ በታች በኩል የሚያርፍበትን ብረት) ወደ ኋላ ይስቡታል። የወፍራሙ ክር ሳድል እስከ ጥግ ሄዶም አልበቃውም። በካቻቪቴ ፈቱት፣ ከኋላው ያለችውን ትንሽ ሞላ ቆረጥ አድርገው መለሱት፤ ቦታውን አገኘ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር አምፕ ላይ የሞከርነው ቆይተን ነው። ያኔ ወፍራሙ ክር ሌሎቹን ሲውጥ ጊዜ ፒክአፑን (የክሩን ድምፅ የሚቀበለውን ማግኔት) በዚያ በኩል ዝቅ አደረጉት።

አሁን ስመታው ድምፁ ወፍራም ነው፣ ግን አይድበሰበስም። ትዝታውን ባዶ ክር ላይ አሳርፌ ስጫወት ዘፋኟ ዞር ብላ አየችኝ። 1,500 ብር ከፈልኩ። ለዚህ ሥራ አይበዛም።

የሚያስቸግረው፦ ጋሼ ስልክ ብዙም አያነሱም። ሥራቸው ረጋ ያለ ስለሆነ ለነገ ዝግጅት ዛሬ ጊታር ይዛችሁ አትሂዱ። ወንበርም አንድ ብቻ ነው ያለው። ክር አይሸጡም፤ እኔ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ያገኘሁት 9 እና 10 ብቻ ነበር፣ 12ቱን ከውጭ የመጣ ሰው ነው ያመጣልኝ። ስለዚህ ክራችሁን ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ አሮጌውን ከጊታሩ ሳታወጡ ውሰዱላቸው፣ አንገቱን እንዳለ ማየት ይፈልጋሉ። ከተሠራም በኋላ በወፍራሙ ክር ወደ ኢ ልመልሰው እንዳትሉ። ውጥረቱ በ60 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አንገቱን ያጎብጠዋል።